ጓዳው ሲጎድል

በቅርቡ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ወልዳ ልጠይቃት ልደታ ኮንዶሚኒየም ሄጄ ነበር። ገንፎዬን በልቼ፣ ሕፃኑን አቅፌ፣ «ቁርጥ አባቱን» የምትለዋን ግዴታዬን ተወጥቼ ልነሳ ስል፣ «ማዕድ ቤቴን ሳታዪማ አትሄጂም» ብላ አራስነቷን ረስታ ከአልጋ ወረደች። መደርደሪያው ላይ ከዳር እስከ ዳር ክዳን ያላቸው የጠርሙስ ዕቃዎች ተሰልፈዋል። ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ድፍን ምስር፣ ተልባ፣ ስንዴ። «የታሸገ ነገር ትተናል» አለችኝ፣ ምስጢር እንደሚያወራ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አሁን ሁሉም በጥሬው ነው፤ ፋብሪካ ያልነካው። ኢንተርኔት ላይ አይቼ ነው የጀመርኩት።»

እኔም እንደ አዲስ ነገር አደነቅኩላት። ምን ልበላት? እናቴ እዚሁ ሰፈር፣ ምናልባትም እዚሁ ሕንፃ ሥር፣ ይኼንኑ ሁሉ በዱቄት ወተት ጣሳ ደርድራው ነበር ብላት ደስታዋን መቀማት መሰለኝ። ከዚያ የድፍን ምስሩን ክዳን ከፈት አድርጋ «አሽትቺው እስቲ» አለችኝ። ሰው ድፍን ምስር ሽታ የለውም ይላል። አለው። ትንሽ አፈር፣ ትንሽ ጭድ፣ ትንሽ ቆርቆሮ። ቆርቆሮው ከራሴ የመጣ መሆን አለበት፤ የሷ ምስር ያለው ጠርሙስ ውስጥ ነው። ውኃ ስጪኝ ብዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሦስተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት። ቤታችን የቀበሌ ቤት ነው፤ አንድ ክፍል፣ ከመጋረጃ ጀርባ ደግሞ አንድ ጓዳ። ሰፈሩ ፈርሶ ሕንፃ ስለሆነ ቤታችን በትክክል የት እንደነበረ ልነግራችሁ አልችልም። ከቦታዋ ያልተነሳችው ልደታ ማርያም ብቻ ናት። ከሷ በር ተነስቼ እርምጃዬን እየቆጠርኩ ስሞክር፣ አንዴ መኪና ማቆሚያ ላይ፣ አንዴ የፀጉር ቤት ደጃፍ ላይ እደርሳለሁ።

አባቴን የማውቀው በፎቶ ነው፤ አፌን ሳልፈታ ነው የሞተው። እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። እናቴ አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ብሎንና ጎማ ስትጠብቅ ነው የምትውለው። የሥራዋን አመል ቤትም ይዛው ትገባለች። ጓዳችን ውስጥ ጣሳው ሁሉ በቁመቱ ተሰልፎ፣ ነጭ ፕላስተር ላይ በእጅ ጽሕፈቷ ስሙ ተለጥፎበታል፤ «ሽምብራ»፣ «ባቄላ»፣ «ገብስ»፣ «ድፍን ምስር»። ማንበብ የተማርኩት ከነሱ ነው ብል ብዙም አልዋሸሁም። የሱቅ ነገር አትወድም። ማካሮኒ ለምሳሌ እኛ ቤት ገብቶ አያውቅም። የኔ ሆድ ደግሞ የሚያምረው ማካሮኒ ነበር፤ ሰው ቤት ሳገኝ ቀዩ ስጎ ሸሚዜ ላይ እንዳይፈስ እየተጠነቀቅኩ፣ እንደ ሌባ ዙሪያዬን እያየሁ ነበር የምበላው።

ግንቦት በመጣ ቁጥር እናቴ የክረምቱን ቀለብ ታሰናዳለች። ያን ግንቦት ግን ከልኳ አለፈች። ጓሮው ሁሉ ስጥ ሆነ። አተሩ ታምሶና ተከክቶ ከነቅመሙ ፀሐይ ላይ ተሰጣ፣ ከጎኑ በርበሬ፣ ከዚያ ወዲያ ገብስ። እኔ ስጥ ጠባቂ ተደርጌ ቀጭን ዱላ ይዤ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ጠላቶቼ የጎረቤት ዶሮዎች ነበሩ። ከነሱ መካከል አንዲት አንገቷ የተላጠ ነበረች፣ ዱላውን ሳይሆን ዓይኔን እያየች የምትቀርብ፤ እስከ ዛሬ ድረስ እንደሷ ያለ ደፋር አላጋጠመኝም።

ወፍጮ ቤት የሄድነው ቅዳሜ ነው። ባለወፍጮው እስከ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ፣ የተሸከምነውን ሲያይ «ምነው፣ ድግስ አለ እንዴ?» አለ። እናቴ ሳቅ ብላ ጆንያውን አቀበለችው። ሽሮው ተፈጭቶ ሲወጣ ትኩስ ነበር። እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ቆየሁ፤ የበሶብላውና የኮረሪማው ሽታ ቤት ስንደርስም እጄ ላይ ነበር።

ከሁሉም የገረመኝ ምስሩ ነው። ሌላ ጊዜ የተከካ ምስርም ትገዛለች፤ ያን ጊዜ ግን አራት ጣሳ ሙሉ ድፍን ብቻ። ለምን ብዬ ጠየቅኳት። «የተከካው ይነቅዛል» አለች ክዳኑን በመዳፏ እየመታች። «ድፍኑን ግን ዓመት ቢቀመጥ ነቀዝ አይደፍረውም።» እንዲህ ዓይነት ነገር ስለምታውቅ ኮራሁባት።

ጓዳው ሲሞላ ደስ አለኝ። ጎረቤታችን ያለች አንዲት እኩያዬ እናቷ አረብ አገር ሄዳባት ከአያቷ ጋር ነበር የምትኖረው። አዝንላት ነበር፤ ማዘኔ ደግሞ ንጹሕ አልነበረም፣ ትንሽ ጉራ ነበረበት። «የኔ እናት የትም አትሄድም» አልኳት አንድ ቀን ጓዳችንን እያሳየኋት። «ይኼን ሁሉ ሠርቶ ማን ትቶት ይሄዳል?» ልጅቷ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ አየች።

ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ካርዴን በተቀበልኩ ማግስት፣ እናቴ አስቀምጣ ነገረችኝ። መሥሪያ ቤቷ ሩቅ አገር፣ መንገድ የሚሠራበት ካምፕ መድቧታል። ካምፕ ልጅ አይወሰድም። ከኔ ጋር የሚሆኑት አክስቷ እማማ በለጡ ናቸው።

እማማ በለጡ ከሰንጋ ተራ በአንድ ሻንጣና በአንድ ሬዲዮ መጡ። ቀኝ ጆሯቸው አይሰማም፤ ግራውን ለሬዲዮው ሰጥተውታል። ክፉ ሰው አልነበሩም። ዕድሜ ልካቸውን ብቻቸውን የኖሩ ስለሆነ ከልጅ ጋር ምን እንደሚወራ አያውቁም ነበር። ጠዋት «ተነሽ»፣ ቀን «ብዪ»፣ ማታ «ተኚ» ይሉኛል፤ የቀረውን ሬዲዮው ያወራል።

እናቴ የሄደች ጠዋት ይዘንባል። ሻንጣዋን በር ላይ አስቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ታጠብቃለች።

«መቼ ነው የምትመጪው?» አልኳት።

«ቶሎ።»

«ቶሎ መቼ ነው?»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ የጓዳውን መጋረጃ ገለጥ አደረገች። «ይኼውልሽ፣ አሁን ሙሉ አይደለም? ጓዳው ሲጎድል እመጣለሁ። መጥቼ እሞላዋለሁ» አለች። ጉንጬን ስማኝ ወጣች። እኔ ታክሲው እስኪታጠፍ እንኳ አልጠበቅኩም፤ ተመልሼ ገብቼ የጣሳዎቹን ክዳን እየከፈትኩ ምን ያህል እንደሞሉ አየሁ። ሁሉም እስከ አፉ ነበር።

ሐምሌን የማስታውሰው በቆርቆሮ ጣሪያ ድምፅ ነው። እኩያዬ ክረምቱን ዘመድ ጋ ልትከርም ሄደች። የትምህርት ቤት ልጆች የሉም። እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ጭቃው ላይ የሚፈነጥረውን ውኃ አያለሁ፤ እማማ በለጡ ከጀርባዬ ዜና ይሰማሉ። ብቸኝነት የሚባለውን ቃል አላውቀውም ነበር። ከእምብርቴ ከፍ ብሎ የሆነ ቦታ ይጨንቀኛል፤ ሕመም መሰለኝ። «ሆዴን አመመኝ» ስላቸው እማማ በለጡ ፌጦ በጥብጠው አጠጡኝ። በማግስቱም አመመኝ፤ በማግስቱም ፌጦ። በመጨረሻ የፌጦው ምሬት ከሕመሙ ስለባሰ «ተሻለኝ» ማለት ጀመርኩ።

እሑድ እሑድ እናቴ ካምፑ አጠገብ ካለች ከተማ ሰፈራችን ወዳለው ወደ ጋሽ ከድር ሱቅ ትደውላለች። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሱቁ ደጃፍ ላይ ካለው የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ስልኩ ሲጮህ ጋሽ ከድር «እናትሽ ናት፣ ቶሎ በይ፣ መስመሩ ይቆረጣል!» ይሉኛል። የምናወራው ሁልጊዜ አንድ ነው።

«እየበላሽ ነው?»

«አዎ።»

«ጓዳው እንዴት ነው?»

«ገና ሙሉ ነው።»

«ጎሽ የኔ ልጅ» ትላለች፤ ስልኩ ይዘጋል። ጎሽ ማለቷ ሁልጊዜ ግራ ያጋባኝ ነበር። ለኔ ገና ሙሉ ነው ማለት ገና አትመጪም ማለት ነበር። አንድ እሑድ ዝናቡ በዛና ስልኩ ሳይጮህ ቀረ። ጋሽ ከድር ከረሜላ ሰጥተው ወደ ቤት ሸኙኝ። ከረሜላውን አፌ ውስጥ ይዤ ጭቃውን እየረገጥኩ ስሄድ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ጓዳው ሲጎድል ትመጣለች። እንግዲያው መጉደል አለበት።

መጀመሪያ በመብላት ሞከርኩ። ቁርስ ሁለት ኩባያ ቆሎ፣ ምሳ ላይ ድገሙኝ፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ንፍሮ። እማማ በለጡ በሦስተኛው ቀን «ይቺ ልጅ ትል አለባት እንዴ?» ብለው ፌጦውን አወጡ። በመብላት እንደማይሆን ገባኝ።

ቀጥሎ እትዬ ዘይነባ ትዝ አሉኝ። ከወሎ የመጡ፣ ባለቤታቸው መርካቶ የሚነግዱ፣ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። እማማ በለጡ ሲያንቀላፉ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ድፍን ምስር ሰፍሬ በራቸውን አንኳኳሁ። «እማማ በለጡ ልከውልዎት ነው» አልኩ።

«ወላሂ? እኔን ብለው?» አሉ እትዬ ዘይነባ፤ ሳህኑን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። «ሳያውቁኝ! ጨዋ ሰው ናቸው በያቸው።» እየዘለልኩ ተመለስኩ። አንድ ሳህን ጎደለ።

የዘነጋሁት ነገር ግን ነበር። በኛ ሰፈር ሳህን ባዶውን አይመለስም። በማግስቱ እትዬ ዘይነባ ሳህናችንን ከአገራቸው በመጣ ሽምብራ ከምረው ራሳቸው ይዘውት መጡ፤ በር ላይ ያገኙት እኔን ነበር፣ ለኔ ሰጥተውኝ ሄዱ። «ከእትዬ ዘይነባ ነው» ስል እማማ በለጡ ሬዲዮውን ዘጉ። ሬዲዮ ሲዘጉ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። «እኔን? ገና መምጣቴ አይደል፣ የት አውቀውኝ?» አሉና ፊታቸው በራ። በዚያው ቀን ሳህኑን ገብስ ሞልተው ላኩኝ። ገብሱ ባቄላ ሆኖ ተመለሰ። ባቄላው ተልባ ሆኖ ሄደ። ሥጋ ቢሆን አንዳቸው የሌላኛቸውን አይበሉም ነበር፤ ጥሬን ግን የማንም ሃይማኖት አይከለክልም። ማን እንደጀመረው ደግሞ መጠያየቅ ነውር ነውና አልተጠያየቁም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጓዳው እንደ መጉደል ጭራሽ ትርፍ አወጣ።

ያተረፉት እነሱ ናቸው። ዝናቡ ባባራ ቁጥር ሁለቱ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። እትዬ ዘይነባ በግራ በኩል መቀመጥ እንዳለባቸው ቶሎ ለመዱ። እማማ በለጡ ለካ ይስቃሉ፤ ረጅም፣ ትከሻቸውን የሚነቀንቅ ሳቅ አላቸው። እኔ ሳህን ይዤ ስመላለስ «ተባረኪ» ይሉኛል ሁለቱም፣ ከዚያ ወደ ወሬያቸው ይመለሳሉ። ያቺን ወዳጅነት የሠራሁት እኔ፣ ቦታ ያጣሁባትም እኔ። በዚህ ዓለም እንደኔ የተተወ የለም ብዬ አለቀስኩ፤ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ለቅሶ ጋቢ ውስጥ ተሸፍኖ የሚደረግ ነው።

ነሐሴ አንድ ቀን ልደታም ናት፣ የፍልሰታ መግቢያም ናት። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነዳያን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቀምጠዋል፤ ሰው ዳቦ ይሰጣል፣ ንፍሮ ይሰጣል፣ አንዳንዱ እፍኝ ጥሬ ከረጢታቸው ውስጥ ይጨምራል። ቆሜ አየሁ። የሚሰጡት ሰዎች ሳህን አይዙም። የሚመለስ ነገርም የለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የትምህርት ቤት ቦርሳዬን ባዶ አድርጌ፣ ሽምብራ ወይም ባቄላ ሞልቼ፣ «ኪዳን ላደርስ ነው» እያልኩ እወጣ ነበር። እማማ በለጡ «ጎበዝ፣ እንደ እናትሽ» ይሉኛል። አጥሩ ሥር ያለች አንዲት አሮጊት ሁልጊዜ ከረጢቷን ከፍታ ትጠብቀኛለች። በመጀመሪያው ቀን «ለማን ልጸልይልሽ?» አለችኝ።

«ለእናቴ። ቶሎ እንድትመጣ።»

«እመቤቴ ታምጣልሽ» አለች፣ እፍኟን ወደ ከረጢቱ እያራገፈች። ነገሩ በሁለት በኩል ስለተያዘልኝ ልቤ ሞቀ። ሳይነገር ከቤት ማውጣት ሌብነት ነው፣ ለነዳያን መስጠት ደግሞ ጽድቅ ነው፤ ግማሽ በግማሽ ይካካሳል ብዬ ራሴው ፈረድኩ። በሽሮው በኩል ጾሙ ራሱ አገዘኝ፤ ጠዋት የለም፣ ከቅዳሴ መልስ ሽሮ፣ ማታ ሽሮ። ጭልፋው የጣሳውን ታች ሲፍቅ በሰማሁ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር።

እማማ በለጡ መጉደሉን ያስተዋሉት ጾሙ ሊያልቅ ሲል ነው። መጀመሪያ አይጥ ነው አሉ። እትዬ ዘይነባ ድመታቸውን አዋሱን፤ ድመቷ ጓዳ ገብታ ሁለት ቀን ተኝታ ወጣች። ከዚያ ነቀዝ ነው ብለው ጣሳውን ሁሉ ፀሐይ ላይ አወጡት። ነቀዝ የለም። ከዚያ በኋላ ከጓዳው ሲወጡ መጋረጃውን ይዘው ትንሽ ይቆማሉ።

ጾሙ ተፈታ። እማማ በለጡ ግን ምሳ ሲያቀርቡልኝ የሳቸውን አያቀርቡም። «እርስዎስ?» ስላቸው «እኔ ጾም ላይ ነኝ» ይላሉ። ጾም የለም እኮ፣ አውቃለሁ፤ ሬዲዮው እንኳ ተናግሯል። አንድ ከሰዓት በኋላ ጓዳ ውስጥ ለብቻቸው ሲናገሩ ሰማኋቸው። ጆሯቸው ስለማይሰማ ቀስ ብለው የሚናገሩ ይመስላቸዋል እንጂ ድምፃቸው እስከ ደጅ ይወጣል። «አንድ ልጅና አንድ ጓዳ አደራ ተሰጥቶኝ» ይላሉ። «አንድ ጓዳ! ምን ትለኝ ይሆን? አሮጊቷ በልታ ጨረሰችው አትለኝም?»

ያኔ ማቆም ነበረብኝ። ዛሬም ሳስበው ፊቴን ይለበልበኛል። ገብቼ ልነግራቸው እስከ መጋረጃው ድረስ ሄድኩ፤ ነጠላቸውን በአፋቸው ይዘው ባዶውን የባቄላ ጣሳ ያብሳሉ። ተመለስኩ። የቀረው ሁለት ጣሳ ብቻ ነበር፤ ሁለት ጣሳ ማለት እናቴ መንገድ ላይ ናት ማለት ነው። በማግስቱ ቦርሳዬን ሞላሁ።

ዘመን መለወጫ ሳምንት ላይ ጓዳው አለቀ። እማማ በለጡ ከጋሽ ከድር ሱቅ ማካሮኒ ይዘው መጡ። ጣፈጠኝ፤ ልዋሽ አልችልም። ሁለት ቀን ጣፈጠኝ። በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ ሹካዬን ይዤ ሳለሁ፣ ከእናቴ እጅ የወጣ አንድም የሚበላ ነገር እዚህ ቤት እንዳልቀረ ድንገት ገባኝ። ጓዳ ገባሁ። የሽሮውን ጣሳ ክዳን ከፍቼ አፍንጫዬን እስከ ታች ከተትኩ። በሶብላው ትንሽ ነበረ፤ እሱም ደጋግሜ ስምገው ጠፋ።

በዚያ እሑድ ስልኩ ሲጮህ ሣጥኑን ገልብጬ ሮጥኩ። «ጓዳው እንዴት ነው?» አለች።

«አለቀ!» አልኩ በደስታ።

«ምን አልሽ?» አለች። «አይሰማም፣ ምን…» መስመሩ ተቆረጠ።

እናቴ ለመስቀል መጣች። ጠቁራለች፣ ከስታለች፣ ጫማዋ ቀይ አቧራ ነው። አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩና ሳትቀመጥ እጇን ይዤ እየጎተትኩ ወደ ጓዳው ወሰድኳት። መጋረጃውን ራሴ ገለጥኩላት። ድል ያደረገ ሰው ነበርኩ። «ጎደለ! አየሽ?»

ጣሳዎቹን በተራ ከፈተች። አንዱን አንኳኳች፣ አንዱን ገለበጠች። እማማ በለጡ መጋረጃው ጋ ቆመዋል።

«እማማ፣ ምን ሆነ?» አለች እናቴ። «እኔ እኮ ለዓመት ብዬ ነበር የሠራሁት።»

ለዓመት። ቃሉን ሰማሁት፤ ከዚያ ሐሳቤ ወደ ኋላ ሄደ። ድግስ አለ እንዴ ያለው ባለወፍጮ፣ ጓሮውን የሞላው ስጥ፣ ዓመት ቢቀመጥ የማይነቅዘው አራት ጣሳ ምስር። እኔ የትም አትሄድም ብዬ የኮራሁበት ሁሉ የመሄጃዋ ዝግጅት ነበር። በዘጠኝ ዓመቴ ገባኝ፤ ባይገባኝ እመርጥ ነበር።

እማማ በለጡ በሁለት እጃቸው ነጠላቸውን ያዙ። «ልጄ፣ አላባከንኩትም» አሉ። «በእግዜር ስም፣ አላባከንኩትም። ግን እጄ ላይ አለቀ፤ እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። እኔ እንግዲህ ለሰው ቤት አልሆንም፤ ሌላ ሰው ፈልጊ። ሻንጣዬን ዛሬውኑ…»

«እሳቸው አይደሉም» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

እናቴ ዞረች። «ምን አደረግሽው?»

«ሰጠሁት።»

«ለማን?»

«ለነዳያን። ለእትዬ ዘይነባ። ለሁሉም።»

«ለምን?»

እንዴት እንደምትጠይቀኝ ገረመኝ። «ጓዳው ሲጎድል እመጣለሁ አላልሽም?»

እናቴ ባዶ ጆንያው ላይ ቁጭ አለች። እማማ በለጡ ግራ ጆሯቸውን እያቀረቡ «ምን አለች? ምን አለች?» ይላሉ። እናቴ አልደገመችላቸውም። ትቆጣኛለች ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። ተነስታ ጣሳዎቹን መክደን ጀመረች፣ አንዱን ክዳን የሌላው ላይ እየገጠመች፣ እየተሳሳተች። ዕቃ ስትሳሳት አይቻት አላውቅም ነበር። ከዚያ እማማ በለጡን አቅፋ፣ በግራ ጆሯቸው ረጅም ነገር ነገረቻቸው። እሳቸውም እያለቀሱ መጥተው ራሴን ሳሙኝ። ሻንጣቸው ከተቀመጠበት አልተነሳም።

በማግስቱ እናቴ መርካቶ ሄዳ በታክሲ ጭና ተመለሰች። ምስር፣ ባቄላ፣ አንድ ትልቅ ጆንያ አተር። እናም ጣሳዎቹ ሲሞሉ አየሁ። አንድ ጣሳ ስንት ሳምንት እንደሆነ አሁን አውቃለሁ፤ ሲንሿሿ ጆሮዬን ያዝኩ። የቀረው አተሩ ነበር። ካልተለቀመ አይታመስም፣ ካልታመሰ ሽሮ አይሆንም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለን፣ ሰፌዱን በጉልበታችን መካከል አድርገን መልቀም ጀመርን። አተሩ ጠጠር የበዛበት ነው። እሷ ጠጠሩን ለቅማ ከጎኗ ታስቀምጣለች፤ እኔም ለቅሜ ከጎኔ አስቀምጣለሁ። ስለ ካምፑ ትነግረኛለች፤ ስለ አንድ ጅብ፣ ስለ ግሬደር ሾፌሮች። እሰማታለሁ፣ ዓይኔ ግን ሰፌዱ ላይ ነው። ጆንያው እየቀነሰ ነው። ወደ ሌላ ቦታ አየት ስታደርግ ጠብቄ፣ ከጎኔ ያለውን ጠጠር በእፍኜ ዘግኜ ተመልሼ አተሩ ውስጥ ጨመርኩት።

ስትዞር እጄ ገና ሰፌዱ ላይ ነበር። አየችው። ጠጠሮቹ በአረንጓዴው መካከል ጥርት ብለው ይታያሉ፤ የሚደበቅ ነገር የለም። እናቴ ቀስ ብላ እጇን ወደ ጎኗ ሰደደች፣ እስከዚያ የለቀመችውን ጠጠር ሁሉ ሰብስባ ሰፌዱ ላይ ዘራችው፣ በጣቶቿም አደባለቀችው።

«ይኼ አተር ጠጠሩ አያልቅም» አለች። «ቀስ ብለን ነው መልቀም ያለብን።»

ቀስ ብለን ለቀምን። እሑድ ጠዋት ስትሄድ አተሩ ተለቅሞ አላለቀም ነበር።